የደሳለኝ ጆሮ

ኮረብታውን የያዝነው ጎህ ሳይቀድ ነው። በካርታ ላይ ስም አልነበረውም። አንዲት ዛፍ ስለሌለችበት እኛ «ራሰ በራው» እንለው ነበር። ዘጠኝ ሆነን ሁለት ሞርታር ይዘናል። ምሽጉን ቆፍረን ሳንጨርስ ከማዶ መድፍ ጀመረ።

ከዘጠኛችን አንዱ ደሳለኝ ነበር፤ ነቀምት ተወልዶ ከመዘምራን ጋር ያደገ ልጅ። የሚመጣውን የመድፍ ጥይት በድምፁ ይለየዋል። «ያልፈናል» ካለ ያልፋል። «ተኙ» ካለ እንተኛለን። በማዕረግም በአገልግሎትም እበልጠው ነበር። ሰዉ ግን እኔ ትእዛዝ ስሰጥ የእሱን ፊት ያያል። ሌላው በሹመት ይቀናል፤ እኔ በሰው ጆሮ ቀናሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ «ተኙ» አለ። ተኛን። ጥይቱ ምሽጉ አፍ ላይ ወደቀ። ስነሳ የሰው አፍ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ድምፅ የለም። ደሳለኝም ከሁለቱም ጆሮው ደም ይወርድ ነበር። አራቱ አልተነሱም።

ከሠራዊቱ ከተሰናበትን በኋላ እሱ ዓመት ሳይሞላው የመስሚያ መሳሪያ አደረገ። እኔ መሳሪያ ማድረግ አፈርኩ፤ ቀጥሎም ዝምታውን ለመድኩት። ጉርድ ሾላ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ከፈትኩ፣ አገባሁ፣ ልጄ ሳራ ተወለደች፣ አደገች። ይህን ሁሉ ዓመት የኖርኩት ከንፈር እያየሁ ነው።

ደሳለኝ ቦሌ ሚካኤል ነው የሚኖረው። እሁድ እሁድ ቤታችን ይመጣል። ሳራ ከጓዳ ሆና አንድ ነገር ትላለች፣ እሱ ይስቃል። እኔ አልስቅም። አንድ እሁድ ጠየቅሁት።

«የሳራ ድምፅ ምን ይመስላል?»

«ጎርነን ያለ ነው። ስትስቅ ይቀጥናል።»

የገዛ ልጄን ድምፅ እሱ ያውቀዋል፣ እኔ አላውቀውም። የዚያን ዕለት እህል አልወረደልኝም።

ሳራ ይህን አይታ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ወዳለ የጆሮ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ወጣቷ ሐኪም አፏን ወደ እኔ አድርጋ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። «ጆሮ ያቀብላል እንጂ የሚሰማው አንጎል ነው። የእርስዎ አንጎል ድምፅ ሲያጣ ቦታውን ለዓይን ሰጥቶታል። መሳሪያው ድምፁን ያመጣልዎታል፤ ትርጉሙን ግን እንደ ሕፃን እንደገና ይማራሉ።»

እውነቷን ነው። መሳሪያውን አድርጌ ከክሊኒኩ ስወጣ የታክሲው ረዳት፣ የመኪናው ጥሩምባ፣ የሳራ ንግግር፣ ሁሉም እንደ ቆርቆሮ አንድ ላይ ተንኳኳብኝ። ሳራ በየቀኑ ጋዜጣ ታነብልኛለች፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ቃል ለመያዝ እታገላለሁ። ጥቂት ቃላት ለየሁ። ድምፅዋ ግን የሰው ድምፅ አልሆነልኝም።

ደሳለኝ አጠገባችን ተቀምጦ ሻይ ይጠጣ ነበር። አላስቻለኝም።

«አንተ ምን አለብህ» አልኩት። «ሁሉን ትሰማለህ።»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ራሰ በራው ላይ የቀረውን የሙሉጌታን ድምፅ ታስታውሳለህ?»

«እንዴት እረሳዋለሁ? ስሜን ሲጠራ መጨረሻውን ይጎትተው ነበር።»

«እኔ ጠፍቶኛል» አለ። «የአራቱም። ከዚያ ወዲህ ስንት ድምፅ ሰማሁ፤ ሁሉም በላያቸው ላይ ተከመረ። አንተ ግን መጨረሻ የሰማኸው እነሱን ነው። ሌላ ድምፅ አልሸፈናቸውም። በዚህ እቀናብሃለሁ፣ ወንድሜ። ብዙ ጊዜ ልነግርህ ፈልጌ ነበር።»

ሳራ ጋዜጣውን አጠፈች።

ከዚያ አንድ በአንድ እየመሰልኩ አሰማሁት። ሙሉጌታን። ጥርሱ ተሰብሮ ሲናገር የሚያፏጨውን አበራን። ቃል ቆጥቦ የሚናገረውን ገብረመድኅንን። ሲያወራ የሚንተባተበውን፣ ሲዘፍን ግን ምላሱ የሚፈታለትን ቶሎሳን። ደሳለኝ አንገቱን ደፍቶ አዳመጠ። ቶሎሳ ላይ ስደርስ እጁን አንስቶ አስቆመኝ።

«እሱ ነው» አለ።

ራሰ በራው ላይ የቀበርናቸው እነዚህ አራቱ ናቸው። ቅናቴ ጨርሶ ለቀቀኝ አልልም፤ ሳራ ስትስቅ ዛሬም ያመኛል። የእነዚያ ልጆች ድምፅ ግን በዓለም ላይ ሳይሸፈን የቀረው እኔ ዘንድ ብቻ ነው፤ እኔም እያረጀሁ ነው።