የዱቄት ወተት ልገዛ ወጥቼ
ጋምቤላ ክልል በሆነች ሰሞን ባለቤቴ እዚያ በአስተማሪነት ተመድቦ ከደጋ አብረን ወረድን። የመጀመሪያ ልጃችንን እንደወለድኩ ወባ ጣለኝና ጡቴ ደረቀ። የሚያለቅሰውን ሕፃን ታቅፌ የዱቄት ወተት ልገዛ ገበያ ወጣሁ። ባለሱቁ የአንዱን ጣሳ ዋጋ ሲነግረኝ ክው አልኩ፤ የያዝኩት ገንዘብ ግማሹንም አይሞላም።

ደጃፉ ላይ ዓሣ የምትሸጥ አንዲት የአኙዋክ ሴት ብድግ ብላ ልጄን ከእጄ ወሰደችና ጡቷን አጎረሰችው።

«ኧረ! ምን እያደረግሽ ነው?» ብዬ ጮኽኩ።

«ልጅ ርቦታል፤ እኔ ወተት አለኝ» አለችኝ። የራሷ ሕፃን ከዓሣው ቅርጫት አጠገብ ተኝቷል።

ልጄ እስኪጠግብ ጠብቶ እቅፏ ውስጥ እንቅልፍ ወሰደው።

«ማታም አምጪው» አለችኝ።

ወተቴ እስኪመለስ ድረስ ልጄን ጠዋትና ማታ ወሰድኩላት። ለዱቄት ወተቱ በያዝኳት ገንዘብ ሳሙናና አጎበር ገዛሁለት።