ለሰብለ ቀኝ እጅ፦ የወይራ እጀታ ፍለጋ ወደ ሐረር

ከድሬዳዋ መነሻ

ረቡዕ ማለዳ ከድሬዳዋ የተነሣሁት ለእህቴ ለሰብለ ብስክሌት የእንጨት እጀታ ለማሠራት ነበር። ሰብለ ታላቄ ናት፤ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ በአንድ ግቢ እንኖራለን። ከዚራ ሰፈር ወደሚገኘው የክሊኒክ ሥራዋ ለዓመታት በብስክሌት ተመላልሳለች። የፈላ ዘይት ቀኝ እጇን ካቃጠላት ወዲህ ግን ጣቶቿ እስከ መጨረሻው አይጨበጡም፤ ቀጭኑ የላስቲክ እጀታ ከመዳፏ ይሾልካል። ጨርቅ ጠቅልላበት ሞከረች፤ ጨርቁ ዞረባትና ወደቀች። ከዚያ በኋላ ብስክሌቱን ለጎረቤቶቻችን ለመሸጥ ቃል ሰጠች። እሑድ ሊወስዱት ነው።

ተስፋ የሰጠኝ ገበያ መካከል ያየሁት የአንድ ሰው ብስክሌት ነው፤ ከወይራ የተሠራ ወፍራም እጀታ ነበረው። የት እንዳሠራው ብጠይቀው «ሐረር፣ ከሸዋ በር ወረድ ብለህ ጋሼ ታደሰን ጠይቅ» አለኝ። ምናልባትም «ከፍ ብለህ» ብሎኝ ይሆናል። የማስታውሰውን ሁሉ እንደ እውነት መቁጠር ከተውሁ ቆይቻለሁ።

ሰብለ አብራኝ እንድትመጣ ለምኛት ነበር። «ለእንጨት ብዬ የሥራ ቀን አላቃጥልም። እጄን እንደሆነ አንተ ታውቀዋለህ» አለችኝ። እኔም አውቀዋለሁ ብዬ፣ የብስክሌቷን መሪ ነቅዬ በጋዜጣ ጠቅልዬ ወጣሁ።

የደንገጎ ሽቅብ

የሚኒባሱ ረዳት የጥቅሉን ቀንድ የመሰለ ጫፍ አይቶ፣ «አቦ፣ መሪውን ብቻ ነው እንዴ የምትነዳው? ሌላው በኋላ ይመጣል?» ሲል ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ግን መሪው እንዳይጎዳ ዘንቢላቸውን ወደ እግራቸው ሰብስበው ቦታ ሰጡኝ።

የደንገጎን ጠመዝማዛ መንገድ ስንያያዘው የድሬዳዋ ሙቀት ከኋላችን ቀረ፤ መስኮቶቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። ሐረማያ ስንደርስ ሐይቁ ውኃ ይዟል። በልጅነቴ ውኃው አስፋልቱ ሥር ይደርስ እንደነበር ለእናትየዋ ነገርኋቸው። ትክ ብለው አይተውኝ፣ «አይደርስም ነበር ልጄ» አሉኝ። አልተከራከርሁም። ወደ አወዳይ ስንቃረብ የጫት ጭነት የያዙ ፒካፖች በጥሩምባ እያስጠነቀቁን አለፉ።

ሸዋ በር

ሐረር ስደርስ ረፋድ ሆኗል። ከሸዋ በር ገበያ ወደ ጀጎል ውስጥ ወረድሁ። ቁልቁለቱ ሰው ግራና ቀኙን በትከሻው ሊነካ በሚችልበት ጠባብ መንገድ፣ በቅርቡ አረንጓዴና ነጭ በተቀቡ ግድግዳዎች መካከል ይሄዳል። የስፌት መኪና ድምፅ ከግራም ከቀኝም ይሰማል። ከልብስ ሰፊዎቹ አንዱ ጥቅሌን አይቶ ሳልጠይቀው፣ «የእጀታ ሰው ከሆነ የምትፈልገው፣ ተመለስ። ከበሩ ውጭ፣ ከፍ ብሎ ነው» አለኝ። በተሳሳተው ትውስታዬ ምክንያት ያየሁት መንገድ ይህን ያህል ውብ በመሆኑ አልተቆጨሁም። ስመለስ ሁለት ትኩስ የምስር ሳምቡሳ ገዝቼ፣ እየበላሁ ሽቅቡን ወጣሁ።

ጋሼ ታደሰና እትዬ አስካለ

ጋሼ ታደሰ ሽበታም፣ ድምፀ ጎርናና ሰው ናቸው። ከአያታቸው ጀምሮ የቤታቸው ሙያ እጀታ ነው፤ ከሶፊ የሚመጡ ገበሬዎች የዶማና የመጥረቢያ እጀታ እሳቸው ዘንድ ያሠራሉ። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ በበሩ ላይ ለስላሳ እየሸጡ የተጠረበውን እንጨት በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳሉ።

«እጇ እስከ የት ይጨበጣል?» ሲሉ ጋሼ ታደሰ ጠየቁኝ።

ጣቶቼን አጥፌ አሳየኋቸው።

«እስኪ ድገመው» አሉኝ እትዬ አስካለ። ደገምሁት። «አሁንም።» ለሦስተኛ ጊዜ አሳየሁ።

ጋሼ ታደሰ ወደ ሚስታቸው ዞሩ፤ «ይሄ ልጅ ስንት እህት ነው ያለው? ሦስት ዓይነት እጅ አሳየኝ እኮ!»

ደነገጥሁ። በየቀኑ አብሬው ማዕድ የምቀርበውን እጅ አላውቀውም ነበር። በግምት ከተሠራ ደግሞ ከጨርቁ የተሻለ አይሆንም፤ ሰብለም ሁለተኛ አትሞክርም።

እትዬ አስካለ ከሳጥናቸው አንድ ባዶ የለስላሳ ጠርሙስ አነሡ። «ይሄ ድሬዳዋም አለ አይደል? በል ደውልላት።»

ሰብለ ስልኩን ስታነሣ ድምፁን ለሁሉም ከፈትሁት። ከክሊኒኩ ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ያንኑ ዓይነት ጠርሙስ አስመጣች። እትዬ አስካለም፣ «ከአፉ ያዢው፣ ከዚያ እየሰፋ ወደሚሄድበት ወደ ታች እጅሽን አውርጂ፤ መዳፍሽ ሲሞላ ቁሚ» አሏት።

ከኋላዋ የሥራ ባልደረቦቿ ሲሳሳቁ ይሰማል። «እዚህ ጋ» አለች በመጨረሻ፤ «ጽሑፉ ሊጀምር ሲል፣ ትንሽ ከፍ ብሎ። እዚህ ጋ ያዝሁት። አይሾልክም።»

ጋሼ ታደሰ ቦታውን በእርሳስ አሰመሩ። ወዲያውም፣ «እንግዲህ ሁለቱንም በዚህ ልክ እሠራለሁ» አሉ።

«ግራዬ እኮ ደኅና ነው» አለች ሰብለ። «ለግራው ቀጭን ይሁንልኝ።»

«ጥንድ ነገር እኩል ነው፣ ልጄ! ታደሰ አንዱን ወፍራም፣ አንዱን ቀጭን ሠራ ሊባልልኝ ነው?»

«አንተ ስምህን ታቅፈህ ተቀመጥ፤ እሷ በእግሯ ትሂድ» አሉ እትዬ አስካለ።

«ጋሼ፣ እጆቼ እኩል ቢሆኑ መች እርስዎን አስቸግር ነበር?» አለች ሰብለ።

ጋሼ ታደሰ ጠርሙሱን አገላብጠው አዩት። «በይ እሺ» ብለው የደረቀ ወይራ መረጡ።

ከዚያ በኋላ ያየሁት ሥራ ነው እስከ ዛሬ የሚደንቀኝ። እንጨቱ ቶርኖ በሚባለው ማሽከርከሪያ ማሽን ላይ ሲዞር ቡናማ ቆዳው እንደ ጥብጣብ እየተላጠ ይወርዳል፤ ከሥሩ ማር የመሰለ መልክ ይወጣል። እትዬ አስካለ ዓይናቸውን ጨፍነው አንዴ ጠርሙሱን፣ አንዴ እንጨቱን ይጨብጣሉ፤ «ገና ነው» ይላሉ፤ ባላቸው ይልጋሉ። በመጨረሻ ጋሼ ታደሰ ከሩቅ ጥንድ እንዲመስሉ በወፍራሙም በቀጭኑም ላይ ሦስት ሦስት ቀጫጭን መስመር አዞሩ። የተልባ ዘይት ቀቧቸውና በአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ቁራጭ አጥብቀው መሪው ላይ ሰኳቸው። ያስከፈሉኝ ከአንድ ኪሎ ሥጋ ዋጋ የሚያንስ ነበር።

ወደ ቤት

ከመጨለሙ በፊት ድሬዳዋ ገብቼ መሪውን በቦታው አሰርሁ። ሰብለ ወፍራሙን እጀታ በጣቷ ጫፍ ብቻ ነካ አደረገችና፣ «ያምራል» ብላ ወደ ውስጥ ገባች። በፊቴ ልትጨብጠው አልፈለገችም።

በማግሥቱ ስነሣ ብስክሌቱ ይቆምበት የነበረው የግድግዳ ጥግ ባዶ ነበር። ደወልሁላት፤ አላነሣችም። ደጋግሜ ደወልሁ። ወድቃ እንደሆነ እየሠጋሁ ግቢው ውስጥ ስንቆራጠጥ፣ ሐረር ሄጄ የተማርሁት ነገር ግልጽ ሆነልኝ፦ አብሮን የሚኖርን ሰው እናውቀዋለን ብለን መጠየቅ እናቆማለን፤ እኔ ለወራት ያልጠየቅሁትን እትዬ አስካለ በአንድ ጠርሙስ ጠየቁ።

ስልኬ ጮኸ። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ለጎረቤቶቻችን ሌላ ብስክሌት ፈልጉ በልልኝ» አለች።

«ለምንድን ነው ስልክ የማታነሺው? ልቤ ሊወጣ ነበር!»

«በምን ላንሣው?» አለችኝ። «ሁለቱም እጆቼ መሪውን ይዘው ነበር።»