ከዳዊቱ ማዶ

ክረምት ሲወጣ የዳዊቱን ማኅደር ከግድግዳው አውርጄ ፀሐይ ላይ አኖረዋለሁ። የአንኮበር ጉም ቆዳ ውስጥ ይገባል፤ ካልተናፈሰ ይሻግታል። ቆዳው ሞቅ ሲለው የፍየል፣ የጭስና የሰም ጠረን ይወጣዋል። ያ ጠረን አፍንጫዬን ሲመታኝ ሽምግልናዬ ይቀርና ሃያ ዓመቴ ይመለስብኛል። እኔ እናገራለሁ፣ አንተ ጻፍ። አታሳምረው፤ እንዳልኩህ ጻፈው።

አባቴ ቄስ ነበሩ። በዚያ ዓመት ከንጉሡ ግቢ ትእዛዝ መጣላቸው፤ ታቦት ይዘው፣ ቤተሰባቸውን ይዘው፣ ከግቤ ማዶ ሄደው እንዲያስተምሩና እንዲያጠምቁ። ግቤ ማዶ ያን ጊዜ ለእኛ ሌላ አገር ነው፤ ቋንቋው ሌላ፣ ወጉ ሌላ። ከሰፈራችን ሄዶ ያየው ሰው አልነበረም። ስለማያውቀው አገር የማያወራ ሰውም አልነበረም። አንዲት ጎረቤታችን መጥታ እናቴን፣ «እዚያ እኮ የተክል ሥር ነው የሚበሉት አሉ። ኧረ ምን ልትቀምሺ ነው አንቺ?» አለቻት።

«ያንቺን ወሬ ሰንቄ እሄዳለሁ» አለች እናቴ። «እሱ እንደሆን አያልቅም።»

ቤታችን የስንቅ ቤት ሆነ። እናቴ ገብስ ቆልታ፣ ፈጭታ፣ በሶውን በስልቻ ትጠቀጥቃለች። እህቴ ለሚጠመቁት ሰዎች ማተብ ታከራለች፤ ክሩን በእግሯ አውራ ጣት ወጥራ ስታሾረው ዝንብ የሚበር ይመስል ነበር። ማተቡ በእቅፍ በእቅፍ እየታሰረ ከመደቡ ሥር ተከመረ። እኔን አባቴ ለቁርባን የሚሆን ዘቢብ እንዳመጣ ቆላ ወዳለው አሊዩ አምባ ገበያ ሰደዱኝ። ከላይ በብርድ ተኮራምቼ ተነሥቼ ታች ስደርስ ላቤ ጠብ ይላል። ዘቢቡን የሸጠልኝ እስላም ነጋዴ የአባቴ ደንበኛ ነው። ሰፍሮ ከጨረሰ በኋላ አንድ እፍኝ ዘግኖ እጄ ላይ አደረገልኝና፣ «ይኼ ለቤተ ክስያን አይደለም፤ ለአንተ ለዳገቱ ነው» አለኝ። ቀጥሎም፣ «መምሬ ሩቅ ሊሄዱ ነው አሉ። ወላሂ፣ የኛ ሰዎችም እዚያ ይደርሳሉ። የሚላክ ነገር ቢኖር እኔ አለሁ በልልኝ» አለ።

አሁን ወደ እኔ ነገር ልምጣ። ቅዳሴ ያለ አምስት ሰው አይቀደስም፤ ሁለት ቄስ፣ ሦስት ዲያቆን። አባቴና አንድ ወዳጃቸው ቄሶቹ ሆኑ። ወንድሜ ዲያቆን ነው፤ የወዳጃቸው ልጅም ዲያቆን ነው። ሦስተኛው ጎደለ። አባቴ ጠሩኝና ነገሩን ሳያወላግዱ ነገሩኝ።

«ዲያቆን ከሆንክ ትሄዳለህ። ካልሆንክ እዚህ ቀርተህ መሬቱን ትይዛለህ። ባዶ ጥለነው ብንሄድ ሌላ ይገባበታል።»

መቅረት አልፈለግሁም። ማስተማርም ማጥመቅም አልነበረም የታየኝ፤ አልዋሽህም። የሚሄዱት የእኔ ሰዎች ናቸው፤ እነሱ በሌሉበት ቤት ምን እሠራለሁ ነው ያልኩት።

ቤታችን ያለው ዳዊት አንድ ብቻ ነው፤ ይኸው ፀሐይ ላይ ያለው። ሲነጋጋ አባቴ መደቡ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸው ላይ ይዘረጉታል። በቀኛቸው ወንድሜ፣ በግራቸው ምድጃው ነው። ለእኔ የተረፈው ፊት ለፊት ያለው በርጩማ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ፊደሉንም ዳዊቱንም የቆጠርኩት እዚያው በርጩማ ላይ ነው። አባቴ በጭራሮ እየጠቆሙ ያስነብቡኛል፤ ስሳሳት ጭራሮዋን ጣቴ ላይ ያሳርፏታል። በዚያ ወቅት አንድ ሁለቴ ካልሆነ አላረፈችብኝም። በደንብ አነብ ነበር።

ጳጳሱ ደብረ ብርሃን መጥተው ክህነት የሚሰጡበት ቀን ደረሰ። ከአባቴ ጋር ሄድን። ሜዳው ውርጭ ለብሶ ነጭ ሆኗል፤ ስንረግጠው ይንኮሻኮሻል። አባቴ ከቅጥሩ ውጪ ቀሩ፣ እኔ ገባሁ። ጳጳሱ ፊት ከመቅረብ በፊት አንድ መምህር ያስነብባሉ። ጉንፋን ይዟቸው በየመሐሉ ያስነጥሳሉ። ተራዬ ሲደርስ ዳዊት ገልጠው ሰጡኝ። ተቀበልኩና እንደ ልማዴ አዞርኩት፤ የገጹን ራስ ወደ ደረቴ፣ ግርጌውን ወደ እሳቸው። ማንበብ ጀመርኩ።

ከኋላዬ ሳቅ ሰማሁ። «የሌሊት ወፍ!» አለ አንዱ። «ኧረ የሌሊት ወፍ ዲያቆን ሊሆን መጣ!»

«አቁም» አሉ መምህሩ። «በቃልህ ሸምድደህ መጥተህ ታነባለህ? መጽሐፍ እንዴት እንደሚያዝ እንኳ ሳታውቅ?»

«እያነበብኩ ነው፣ አባ።»

«አቅናው!»

አቀናሁት። ፊደሎቹ እግራቸው ታስሮ የተንጠለጠሉ ዶሮዎች መሰሉኝ። አውቃቸዋለሁ፣ ግን አላውቃቸውም። የመጀመሪያውን ‹ሀ› ‹በ› ብዬ ጠራሁት። ሳቁ ባሰ።

«ማነው ያስተማረህ?» አሉኝ መምህሩ።

ወደ ቅጥሩ ዞሬ አየሁ። አባቴ ከቅጥሩ ወዲያ ቆመዋል። ስማቸውን ብጠራ ያ ሁሉ ሳቅ ወደ እሳቸው ሊዞር ነው፤ ያውም አገር ሊያስተምሩ በሚሄዱበት ሰሞን። የፈለጉትን ገጽ ይግለጡና ይፈትኑኝ ማለትም ይቻል ነበር። አላልኩም። እልህ ይሁን ሌላ ነገር እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

«ሂድ፣ በሬህን ጥመድ» አሉና ዳዊቱን ከእጄ ወሰዱት።

ለአባቴ «አላለፍኩም» ብቻ አልኳቸው። የበሬሳን ወንዝ ስንሻገር፣ «ምኑ ከበደህ?» አሉኝ። «እንጃ» አልኩ።

ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው አባቴ ዳዊቱን ዘርግተው ጠሩኝ።

«ና ተቀመጥ። ያቃተህን አሳየኝ።»

በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩ። በጭራሮዋ የጠቆሙኝን አነበብኩ። ገጽ ገለጡ፣ አነበብኩ። ሌላ ገለጡ፣ አነበብኩ።

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው?»

«መጽሐፉን አቅና አሉኝ።»

አባቴ ጭራሮዋን እንደያዙ ቀሩ። ዳዊቱን አዩ፣ እኔን አዩ። ቀስ ብለው መጽሐፉን ወደ እኔ አዞሩት። «አንብብ» አሉ፤ ድምፃቸው አነሰ። አልቻልኩም።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ይህን ሁሉ ዓመት ለእኔ ቀንቶ ሲታየኝ፣ ላንተ እንዴት እንደሚታይ አንድ ቀን አላሰብኩም። ማን አስተማረህ ብለው አልጠየቁህም?»

«አልጠየቁኝም» ብዬ ዋሸሁ።

እናቴ ከስልቻዋ ቀና ብላ፣ «መምሬ፣ ታዲያ ሄደው ይንገሯቸው እንጂ!» አለች። ጳጳሱ ግን ከደብረ ብርሃን ተነሥተው ሄደዋል። በእኔ ቦታ በዚያው ቀን ድቁና የተቀበለው የአጎቴ ልጅ ተተክቷል። ጉዞውም የሰው ብቻ አይደለም፤ የታቦትም ነው፤ ለእኔ ተብሎ አይቆምም።

በሚሄዱበት ጧት ጉሙ ከቤታችን ደጃፍ ጀምሮ ነበር። አባቴ ዳዊቱን ማኅደሩ ውስጥ ከተቱት፣ ለእኔ ሊሰጡኝ ዘረጉት፣ መልሰው ወሰዱት። «ልተውልህ ይገባኝ ነበር፤ ሌላ የለኝም» አሉ። እናቴ ከእህቴ የማተብ እስር አንዷን ክር መዝዛ፣ አንገቴ ላይ ካለችው ማተቤ በላይ አሰረችልኝ። «ለሚጠመቁት የተቆጠረ ነው እኮ!» አለች እህቴ። «አንዱ ይጉደልባቸው» አለች እናቴ። ከዚያ ጉሙ ዋጣቸው። የበቅሎዎቹ ኮቴ ድንጋዩ ላይ ቀጭ ቀጭ ሲል ትንሽ ቆየ። እሱም ጠፋ። እኔ ገብቼ ምድጃውን አየሁት፤ እሳቱ ገና አልጠፋም ነበር።

መሬቱን ያዝኩ። አገባሁ፣ ወለድኩ። ብዙ ዓመት አልፎ ያ የዘቢቡ ነጋዴ ራሱ፣ ሸምግሎ፣ ዳገቱን እየተነፈሰ ወጥቶ ቤቴ መጣ። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጁ ታቅፏል።

«መምሬ ዐርፈዋል» አለኝ። «እናትህ ደኅና ናት፤ ወንድምህ ቀሷል። ይኼ ያንተ አደራ ነው፤ ከእጅ እጅ ነው የመጣው፤ ወላሂ መሬት አልነካም። ሲሰጡን ‹ፊት ለፊት ለሚቀመጠው ልጄ ስጡልኝ› ብለው ነበር።»

ዳዊቱ ነበር። ሌላ ዳዊት አስጽፈው እስኪያገኙ ቆይተው፣ ከዚያ ይህን ለእኔ ተናዘውልኛል። የብራናው ግርጌ በአባቴ አውራ ጣት ጠቁሯል። በራስጌውም በኩል የሌላ ጣት ጥቁረት አለ፤ እሱ የእኔ ነው።

ማታውን ሳይቀዘቅዝ ማኅደሩን አስገባዋለሁ። አልፎ አልፎ ዳዊቱን አውጥቼ በርጩማ ላይ እቀመጥና ራሱን ወደ ደረቴ አድርጌ አነባለሁ፤ እስከ ዛሬ ሌላ አያያዝ አልለመድኩም። የቀናው ፊቱ ወደ መደቡ ነው የሚያይ፤ መደቡ ላይ ማንም የለም። ዓይኔ እየደከመ ስለሆነ አሁን ብዙ እሳሳታለሁ። ስሳሳት ይታወቀኛል፤ አቁሜ ጣቴን ብራናው ላይ እንዳኖርኩ ትንሽ እጠብቃለሁ። ጭራሮዋ አታርፍበትም።