የጋሽ ጌታነህ ጌጅ

ሐሙስ ጠዋት ነው። ሐረር፣ ሸዋ በር ላይ አንዲት ሴት ከቲማቲም ሻጭ ጋር ስትከራከር፣ ከኋላዋ ያስቀመጠችው ጀሪካን መሬቱን ያረጥብ ነበር። ጀሪካኑ ግርጌው ላይ ትንሽ ቧንቧ ተገጥሞለታል፤ ውሃው የሚፈሰው ግን በቧንቧው አፍ ሳይሆን በዙሪያው ነው። ሴትየዋ አላየችም። አንድ ሸበቶ ሰው ግን አዩ። ቆም አሉ፤ ግራ ቀኙን ቃኙ፤ ጀሪካኑን በጀርባው አጋደሙት፤ ቧንቧውን ፈቱና ከኮታቸው ኪስ ነጭ የቧንቧ ማሸጊያ ቴፍሎን አውጥተው ጠመጠሙበት። መልሰው አጠበቁት። ጀሪካኑን እንደነበረ አቁመው ሊሄዱ ሲሉ ዓይን ለዓይን ተጋጨን።

«አየኸኝ?» አሉ።

«አየሁዎት።»

«እንግዲያው ዝም በል። ይህን ከሰሙ ነገ ሰፈሩ ሁሉ ጀሪካኑን ተሸክሞ ደጄ ላይ ይሰለፋል።»

ሰውየው ጋሽ ጌታነህ ናቸው፤ ከዚያ በፊት በቅርብ የማያቸው በመድኃኔዓለም ቅዳሴ ላይ ነበር። ሁልጊዜ አንዷን ምሰሶ ተደግፈው ይቆማሉ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሠላሳ አንድ ዓመት በውሃ ሥራ ኖረዋል፤ ለየሰፈሩ ቫልቭ የሚከፍቱትና የሚዘጉት እሳቸው ነበሩ። ወረፋ የደረሰው ሰፈር ይመርቃቸዋል፤ ያልደረሰው ፊቱን ያዞርባቸዋል። ውሃው ቀጠነ ብሎ ለሚጮህባቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነበር። «ሁላችሁም ባንዴ ከፍታችሁ ግፊት የለም አትበሉኝ» ይላሉ። ልጆች ሆነን ድምፃቸውን እያስመሰልን በዚህች አባባል እንቀልድ ነበር።

«ምላስህ ደህና ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ምን ማለትዎ ነው?»

«መራራና ጎምዛዛ ይለያል ወይ ነው የምልህ።»

«ይለያል።»

«ና ተከተለኝ።»

ወደ ሐኪም ጋራ የሚወስደውን ዳገት እየወጣን ጉዳዩን ነገሩኝ። ልጃቸው ሩት ድሬዳዋ መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች። በጥምቀት ሰሞን፣ ከደሞዟ እየቆጠበች የገዛችውን የቤት ውስጥ የቡና ማሽን ይዛላቸው መጣች። እንደ ካፌዎቹ ትልቅ አይደለም፤ ከዳቦ ሳጥን ብዙም አይበልጥም። ሩት ወደ ሥራዋ በተመለሰች ማግሥት ጋሽ ጌታነህ እሷ ከተወችላቸው የተፈጨ ቡና አንድ ስኒ ቀዱ። ቀምሰው ጓሮ ደፉት። እንደ ሬት መረራቸው። በሁለተኛው ቀንም ደፉት። በሦስተኛው ቀን ማሽኑን ጨርቅ አለበሱት።

«ታዲያ ምን ቸገረዎት?» አልኩ።

«የቸገረኝማ ስልኩ ነው። በየጠዋቱ ትደውላለች። ‹አባዬ ቡናህን ጠጣህ?› ትለኛለች። ምን ልበላት? ‹ጠጣሁ› አልኳት። አንድ ጊዜ ካልኩ በኋላ ማቆም አቃተኝ። አራት ወር ሙሉ ጠጣሁ እላለሁ። ቅዳሜ ደግሞ ትመጣለች፤ በራስህ እጅ ቀድተህ አጠጣኝ ብላኛለች።»

ቅዳሜ ከነገ ወዲያ ነው።

ቤታቸው ስንደርስ ማሽኑ ጠረጴዛ ላይ ክዳኑ ተገንጥሎ ተቀምጧል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፍሬሕይወት በሩ አጠገብ ሽንኩርት ይልጣሉ። ጎረቤታቸው አብዱልፈታ፣ ፈረስ መጋላ ገበያ ቡና የሚነግዱት፣ እንደ ወረቀት የነጣ ጀለቢያ ለብሰው ወንበር ላይ ተደላድለዋል።

«ሌላ ምስክር አመጣህ?» አሉ አብዱልፈታ።

«ምላስ ነው ያመጣሁት። ያንተ ምላስ ያደላል።»

«ወላሂ አያደላም። ይሄ ሰውዬ ያደረገኝን ልንገርህ» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ለልጅቱ በስልክ ‹ዛሬ አብዱልፈታ ሁለት ስኒ ጠጣ› ይላታል። ያልቀመስኩትን መቶ ስኒ በስሜ አጠጥቶኛል። እኔ እንቅልፍ አላጣሁ፤ ምን ዓይነት ቡና ነው?»

ወይዘሮ ፍሬሕይወት ከሽንኩርታቸው ቀና ሳይሉ፣ «ባለፈው ሳምንት ደግሞ ቄሱንም አጠጥቷቸዋል» አሉ።

ጋሽ ጌታነህ አልሰሙም፤ ወይም አልሰማሁም አሉ። የማሽኑን ሆድ እያሳዩ ያስረዱኝ ጀመር። የመረረበትን ምክንያት ሰሞኑን ከስልክ ቪዲዮ አግኝተውታል። ፋብሪካው ግፊቱን ባር በሚሉት መለኪያ አሥራ አምስት ላይ አስሮ ይልከዋል፤ ለቡና ግን ዘጠኝ ይበቃል። ከውስጥ አንዲት የነሐስ ቫልቭ አለች፤ ራሷ ላይ ብሎን፣ ከብሎኑ ሥር ሞላ። ብሎኑ ሲጠብቅ ግፊቱ ይጨምራል፤ ሲላላ ትርፉ ውሃ ወደ ገንዳው ይመለሳል።

«ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁት ሥራ ነው» አሉ። «ሐረርን ወደ ዳቦ ሳጥን አሳንሰህ አስባት።»

ከዚያ ከመሳቢያ አንድ ነገር አወጡ። ጡረታ ሲወጡ የሥራ ባልደረቦቻቸው የሸለሟቸው አሮጌ የግፊት መለኪያ ጌጅ ነው፤ እስከ አሥራ ስድስት ባር ይለካል። ሌላው ሰው ሰዓት ይሸለማል፤ እሳቸው ይህን ለምነው ወሰዱ። ቡናው ተጠቅጥቆ ማሽኑ ላይ የሚታሰርበት ባለ ጽዋ እጀታ ላይ በቀጭን ቧንቧ አገናኝተውታል።

ወይዘሮ ፍሬሕይወት በሙቀጫ የወቀጡትን ትኩስ ቡና አመጡ። ጋሽ ጌታነህ እጀታው ውስጥ ጠቀጠቁት፤ አማተቡና ቁልፉን ተጫኑ። ማሽኑ አጉረመረመ። አሥራ አምስትን ስንጠብቅ የጌጁ ቀስት አራት ላይ ደረሰና ቆመ። ስኒዋ ባንዴ ሞላች።

ቀመስኩ። ጎመዘዘኝ፤ ውሃ ውሃም አለኝ።

«የጀሪካን እጣቢ ነው» አሉ አብዱልፈታ።

«አራት?» አሉ ጋሽ ጌታነህ። «ካርቶኑ ላይ አሥራ አምስት ብለው ጽፈው አራት? ዋሽተውኛል።»

«ላንተም እንደ ራስህ ያለ ውሸታም አዘዘብህ» አሉ ወይዘሮ ፍሬሕይወት።

ጋሽ ጌታነህ ማሽኑን ከሶኬት ነቅለው ብሎኑን በካቻቢቴ አንድ ዙር አጠበቁ። እንደገና ቡና፣ እንደገና አራት። ሁለት ዙር ጨመሩ። አራት። ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ። እስከ መጨረሻው አጠበቁት፤ አሁንም ቀስቷ ከአራት ንቅንቅ አላለችም። ሰባተኛው ስኒ ጓሮ ሲደፋ የተወቀጠው ቡና አለቀ።

ጋሽ ጌታነህ ተቀመጡ። ቀልዱ ከፊታቸው ጠፋ።

«ልጄ ሁለት ዓመት ነው የቆጠበችው» አሉ ቀስ ብለው። «አንድ ጫማ ብቻ ስታደርግ ከርማ።»

አብዱልፈታ ከጀለቢያቸው ኪስ ትንሽ ፌስታል አወጡ። «ከሱቅ ያመጣሁልህ ነበር። በወፍጮ የተፈጨ ነው፤ እንደ ዱቄት። አንዴ ሞክርና ይብቃህ» አሉና ጠጋ ብለው ቆሙ፤ ጌጁን በቅርብ ሊያዩ።

ያን ጊዜ ብሎኑ እስከ መጨረሻው እንደጠበቀ ነበር። ይህን ያስታወሰ የለም።

ቁልፉ ሲጫን ማሽኑ አላጉረመረመም፤ አቃሰተ። ቀስቷ ዘጠኝን፣ አሥራ ሁለትን አለፈች፤ አሥራ ስድስት ላይ ሄዳ ተቀረቀረች። ወደ ስኒዋ አንዲት ጠብታ አልወረደም። ቀጥሎ እጀታው በጎን በኩል ተነፈሰና ጥቁር ነገር እንደ ማራገቢያ ተረጨ። ጋሽ ጌታነህ ማጥፊያውን መቱት።

አብዱልፈታ ወደ ታች አዩ። ጀለቢያቸው ከደረታቸው እስከ ጉልበታቸው ነብር መስሏል።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ በመጨረሻ፣ «ፊቴን ተወልኝ።»

ወይዘሮ ፍሬሕይወት ቢላዋቸውን አስቀምጠው መጡ። የተወቀጠውን ቡና ዝቃጭ በአንድ ጣታቸው፣ የተፈጨውን በሌላው ነኩ፤ ሁለቱንም ጣት በባላቸው አፍንጫ ሥር ያዙ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ለከተማው ስትነግር የኖርከው ምን ነበር?»

ጋሽ ጌታነህ ጣቶቹን አዩ። አንደኛው ላይ እንደ አሸዋ የሻከረ፣ ሌላው ላይ እንደ ሽሮ የላመ። ቀስ በቀስ ጆሯቸው ቀላ።

«ሁላችሁም ባንዴ ከፍታችሁ…» ብለው ጀመሩና ተዉት።

እኔም ያን ጊዜ ገባኝ። የሙቀጫው ቡና ሻካራ ስለሆነ ውሃው በየቀዳዳው ሾልኮ ይወርዳል፤ ቧንቧው ሁሉ የተከፈተበት ሰፈር ማለት ነው። ቫልቩን ቢያጠብቁት ቢያላሉት ግፊት ከየት ይመጣል? ቀስቷ አራት ላይ የቆመችው በብሎኑ ጥፋት አልነበረም።

ማሽኑ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን። ከዚያ ጋሽ ጌታነህ የተፈጨውን ቡና ሳይለውጡ ብሎኑን ማላላት ጀመሩ፤ ሩብ ዙር፣ አንድ ሙከራ፣ ሩብ ዙር። አሥራ አራት። አሥራ ሁለት። አሥር ተኩል። አብዱልፈታ አሁን ከበሩ ውጭ ሆነው ነው የሚያዩት። ዘጠኝ ላይ ቀስቷ ቆመች፤ ቡናው እንደ ማር እየተሳበ ወረደ፤ ላዩ ላይ ወርቃማ አረፋ አሰረ።

ተቀባበልነው። እኔ በልቤ ተመስገን አልኩ፤ ምሬቱ ሸሽቶ ከኋላው የሐረር ቡና የራሱ ጣዕም መጥቷል። አብዱልፈታ እስከ አተላው ጠጡና ባዶ ስኒያቸውን እንደገና ወደ ማሽኑ ገፉት።

ስልኩ ጠራ። ሩት ናት። ጋሽ ጌታነህ ድምፁን ለሁላችንም ከፈቱት።

«አባዬ፣ ቡናህን ጠጣህ?»

አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ጣሪያውን አዩ።

«ጠጣሁ። ሩትዬ… የዛሬው የመጀመሪያው ነው። እስከ ዛሬ ስዋሽሽ ነበር።»

ከወዲያ በኩል ሳቅ መጣ።

«አውቃለሁ እኮ። እማዬ በመጀመሪያው ሳምንት ነግራኛለች። የምደውለው ዛሬ ደግሞ ማንን አጠጣህ ብዬ ለመስማት ነበር። ቄሱን ስታጠጣቸውማ ሥራ ቦታ ሳቄ አምልጦኛል።»

ጋሽ ጌታነህ ወደ በሩ ዞሩ። ወይዘሮ ፍሬሕይወት ሽንኩርታቸውን በጣም ተመስጠው እየላጡ ነበር።

«ቅዳሜ ግን ዕዳህን ትከፍላለህ» አለች ሩት። «ጠጣሁ ያልከኝን ሁሉ ፊቴ ትጠጣለህ። ፊትህን እያየሁ እቆጥራለሁ።» ስልኩን ዘጋችው።

ጋሽ ጌታነህ ለረጅም ጊዜ ጌጁን በኮታቸው ጫፍ ሲወለውሉ ቆዩ። ከዚያ ክንዴን ይዘው ወደ ደጅ ወሰዱኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አብዱልፈታ እንደሆነ ከዚህ በኋላ ያለ ዝናብ ልብስ አይጠጋኝም። አንተ ምላስህ ደህና ነው፤ ሆድህም ወጣት ነው። እንደው በመድኃኔዓለም፣ ቅዳሜ በጠዋት ቁርስህን በልተህ ና፤ ግማሹን ጠጣልኝ።»