አራቱ የዲፈረንሻል ቡሎኖች

መኪና ሲታመም ያቃስታል የሚሉ ሾፌሮች ያናድዱኛል። መኪና አያቃስትም። ብረት ከብረት ጋር አልስማማ ሲል ይጮሃል፣ ያ ብቻ ነው። በዚያ ሰሞን የታናሽ ወንድሜ የጭነት መኪና ጩኸት ግን ገና ጅማ ሰፈራችን ሰቶ ሰመሮ ሳይገባ ግቢያችን ድረስ ይሰማ ነበር። የሚጮኸው ከሥሩ፣ ዲፈረንሻሉ ነው፤ የሞተሩን ኃይል ተቀብሎ ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ክፍል።

ጋራዥ ልውሰደው ሲለኝ ተቆጣሁ። ሃያ ዓመት ጋራዥ ሠርቼ የወጣሁት እኔ እዚህ ተቀምጬ ማን ሊነካው ነው? ግቢያችን ውስጥ ሸራ ወጠርኩና ዲፈረንሻሉን አወረድኩት።

ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ። ውስጡ ሁለት ጥርሳም ብረቶች አሉ፤ ትልቁ ኮሮና፣ ትንሹ ፒኞን ይባላል። በጣም ከተቀራረቡ ይግላሉ፣ ከተራራቁ ይጮሃሉ። በትክክል መገጣጠማቸውን ለማየት ጥርሱን ቀለም መቀባት ያስፈልጋል። እኔ ደግሞ ከማጀት እርድ ሰርቄ ከግሪስ ጋር ለወስኩ። ባለቤቴ ጣሳውን ባዶ ስታገኘው «እንግዲህ ምሳህን ግሪስ ብላ» አለችኝ። ኮሮናውን በእጄ ሳዞረው እርዱ የጥርሱ መሃል ላይ ብቻ ተፋቀ። ልክ ገብቷል ማለት ነው። ብቻዬን ሆኜ ፎከርኩ።

የቀረኝ አንድ ነገር ነበር። ኮሮናውን ግራና ቀኝ ደግፈው የያዙት ሁለት ክዳኖች በአራት ቡሎን ይታሰራሉ። ማስተካከሉ እስኪያልቅ ቡሎኖቹ በእጅ ብቻ ነው የሚያዙት። በመጨረሻ መፍቻው ላይ ረጅም ቧንቧ ሰክቼ፣ በሙሉ ክብደቴ ተጭኜ አጠብቃቸዋለሁ። ያ ካልተደረገ ክዳኑ እየላላ ይሄዳል፣ ጥርስ ከጥርስ ይናከሳል፣ የኋላ ጎማዎቹም መኪናው እየሄደ ቀጥ ይላሉ። ይህ ቁልቁለት ላይ ከሆነ ሾፌሩ አይተርፍም።

መፍቻውን እንዳነሳሁ የእድራችን ጥሩንባ ተነፋ። ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩት እናት አርፈው ነበር። ሙስሊም ስለነበሩ ቀብሩ በዚያው ቀን ነው፤ ድንኳን መትከል ደግሞ የእኔ ምድብ ነው። ጥሩንባ ሰምቶ የቀረን ሰው ነገ ማን ይቀብረዋል? እጄን በነጭ ጋዝ አጥቤ ሮጥኩ።

ከቀብር ተመልሰን ድንኳኑ ውስጥ ከእድሩ ዳኛ ጎን ተቀምጬ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ወንድሜ ነው።

«ጋሼ፣ እቤትህ ነኝ። ጨርሰሃል አይደል? ረዳቶቼን ይዤ ልግጠመው? ሰቃ ላይ ቡናው ተዘጋጅቷል፣ ነጋዴዎቹ ዛሬ ጫን እያሉኝ ነው።»

የእድሩ ዳኛ ነጭ ጢማቸውን ይዘው አፍጥጠው አዩኝ። «ልጄ፣ ሀዘን ቤት እኮ ነው። ወላሂ ነውር ነው» አሉኝ።

እፍረቱ ገደለኝ። ምን እንደጠየቀኝ እንኳ በቅጡ ሳላዳምጥ «አዎ፣ አዎ» ብዬ ዘጋሁበት።

ቤት ስገባ መኪናው የለም። ባለቤቴ «ድምፁ ጥፍት አለ እኮ፣ እንደ አዲስ» ስትለኝ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

በማግስቱ ጠዋት ቧንቧ ሥር ፊቴን ስታጠብ መዳፌ አላመመኝም። ለሌላ ሰው ይህ ምንም አይደለም። እኔ ግን እነዚያን ቡሎኖች ባጠበቅኩ ማግስት ቀኝ መዳፌ ጣሳ አያስይዘኝም። መዳፌን ገልብጬ አየሁት። አላጠበቅኳቸውም ማለት ነው። በእጅ ብቻ የተያዘን ቡሎን በሚገባ ከጠበቀው በዓይን መለየት አይቻልም፤ ወንድሜም ጨርሻለሁ ያልኩትን ነው የገጠመው።

ደወልኩ። ያቺ የስልክ ሴትዮ ጥሪ አይቀበልም አለችኝ። ሲነዳ ስልኩን የሚዘጋው እኔው ራሴ መክሬው ነው። ሰቃ አድሮ ማለዳ እንደሚነሳ፣ ጅማን አልፎ በአሰንዳቦ አድርጎ ወደ ግቤ ወንዝ ቁልቁለቱን እንደሚወርድ አውቃለሁ። ባለቤቴ «ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ ተነስ!» አለችና የጎረቤት ሞተር ሳይክል ለምና አመጣችልኝ።

ሞተር ከነዳሁ ዘመናት አልፈዋል። ከፊቴ ያለው ከባድ መኪና ሁሉ የእሱ ይመስለኛል፤ ስደርስበት የሌላ ነው። አንድ መታጠፊያ ላይ ሰው ተሰብስቦ ሳይ እጄ ነዳጁን ለቀቀው። ወንድሜን በነጠላ ተሸፍኖ በሐሳቤ አየሁት፣ እናቴን ምን እንደምላት አሰብኩ። ስጠጋ የተገለበጠ ጋሪ ነበር። ባለጋሪው ፈረሱን አቅፎ እያለቀሰ እኔ እፎይ አልኩ። ያ እፎይታ ዛሬም ያሳፍረኛል።

አሰንዳቦ ስገባ መኪናው ከነጭነቱ አንድ ቁርስ ቤት በር ላይ ቆሟል። ወንድሜ ውስጥ ፉል ይበላል። ሲያየኝ ከመቀመጫው ተነሳ።

«ማል ታኤ፣ ምን ሆንክ ጋሼ? ሰው ሞተ እንዴ?»

መንገድ ላይ ውሸት አዘጋጅቼ ነበር፤ ዘይት ያፈስ ይሆናል፣ ከፍተን እንየው ልለው። ፊቱን ሳየው ግን ጠፋብኝ።

«ቡሎኖቹን አላጠበቅኳቸውም» አልኩት።

«በስልክ አዎ አልከኝ እኮ።»

«አዎ አልኩህ።»

የያዘውን ዳቦ ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። መንገዱ ዳር ዘይቱን አፍስሰን፣ ዘንጎቹን ስበን ዲፈረንሻሉን ስናወርድ ረፋዱ አለፈ። ሁለቱ ቡሎኖች በጣቴ ዞሩ። ሦስተኛውን ስነካው እጄ ላይ ወጣ። ወንድሜ ከጎኔ ቁጢጥ ብሎ ያያል።

የጥርሱን ክፍተት እንደገና አስተካከልኩ፤ ከብየዳ ቤት ቧንቧ ተውሼም እንባዬ እስኪመጣ አጠበቅኳቸው። እኔ ከአንዱ ቡሎን በተነሳሁ ቁጥር እሱ መፍቻውን ይቀበለኝና በሙሉ ክብደቱ ይሞክረዋል። ከዚያ በፊት ሥራዬን ፈትሾ አያውቅም።

ገጥመን ስንጨርስ «ግቤን አብረኸኝ ትወርዳለህ» አለኝ።

አራቱም እንደጠበቁ በእጄ አረጋግጫለሁ። ቢሆንም በየሳምንቱ እሱን የምልክበት ቁልቁለት ላይ እኔ መቀመጥ ፈራሁ። ሞተር ሳይክሉን ለቁርስ ቤቱ ባለቤት አደራ ሰጥቼ ከጎኑ ወጣሁ።

ቁልቁለቱን በትንሹ ማርሽ፣ በኤሊ ፍጥነት ወረድነው። እኔ የወንበሩን ጠርዝ ጨምድጄ ከሥሬ ያለውን ድምፅ አዳምጣለሁ። ምንም አልጮኸም። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ወንድሜ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ ተናገረ።

«ይህን ቁልቁለት ስምንት ዓመት ወርጄዋለሁ፣ ጋሼ። ፈርቼ ስወርደው ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።»