ሁለት ጥቀስ

ከሚሴ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ዘበኛ የሆኑት ሰውዬ በየማለዳው በሩን ሳይከፍቱ እስክሪብቷቸውን ከጥምጥማቸው ስር ይመዙና «በሩን ዝጉ» ከሚለው ማስታወቂያ «ዝጉ» የምትለዋ ላይ ያሰምራሉ። ወረቀቱ ከመሰመር ብዛት ሊቀደድ ምንም አልቀረው።

«አካም ቡልቴ፣ መምህርት! የትእዛዟን ቃል ሳልይዝ ጥያቄ አላስገባም» ይላሉ፣ ጥያቄው ያረፈደ ተማሪ ይመስል።

የፈተና ጥያቄን ከመመለስ በፊት የትእዛዙ ቃል ላይ የማስመሩን ዘዴ ያስተማረቻቸው መምህርት ዓፊያ ናት። የስምንተኛ ክፍል ማስረጃ የሌለው ዘበኛ ከሰኔ በኋላ አይቀጥልም ተብሏል። አምና ተፈትነው በአንድ ጥያቄ ወድቀዋል። ጥያቄው «የቤተሰብን ሁለት ጥቅሞች ጥቀስ» ይል ነበር። እሳቸውም እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው ፈታኙን በግራ ዓይናቸው ሁለቴ ጠቀሱት። ፈታኙ ኩረጃ መስሎት ሲጮህባቸው «ምን አጠፋሁ? ጥቀስ ተብዬ ነው!» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ተማሪው ሁሉ «ጋሽ ጥቀስ፣ ዛሬስ?» እያለ ዓይኑን ጨፈን ያደርግላቸዋል። እሳቸውም አጸፋውን አይነፍጉም፤ ርዕሰ መምህሩን ሳይቀር በስህተት ጠቅሰዋል።

ለዒድ ተረኛውን ባልደረባቸውን «ሂድ አቦ፣ ልጆችህ ይጠብቁሃል» ብለው ያሰናብቱና፣ እሳቸውን ቤት የሚጠብቃቸው የለምና፣ በሩ ላይ ብቻቸውን ይውላሉ።

ዓፊያ ለትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ስለ እሳቸው ልትጽፍ ስትጠይቃቸው ሳቁ።

«ጥቅሻውን ጻፊው፣ ይሳቁበት» አሏት። ቀጥሎ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ቃሉ ግን መች ጠፋኝ፣ ልጄ? ወላሂ፣ የጠፋኝ መልሱ ነው። እሱን ብቻ ተይልኝ።»