የሐርቡው ሰውዬና የኮምቦልቻው ተማሪ

ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው የጀመረው። የሳምንቱ ሥራ ድካም ትከሻዬ ላይ እንዳለ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። መኪናው የሐረጎን ዳገት እያቃሰተ ሲወጣ፣ የታቹ ሙቀት ቀርቶ የደሴ ብርድ በመስኮቱ ክፍተት መግባት ሲጀምር፣ ረዳቱ ስልኩን ከመኪናው ቴፕ ጋር አገናኘና የጊታር ድምፅ ተሰማ፤ ከጊታሩ ኋላ ደግሞ ጉሮሮው የሻከረ ሽማግሌ ማንጎራጎር ጀመረ። ደንግጬ ቀና አልኩ። የሐርቡው ሰውዬ ነበር።

ስልኩ ላይ የሚታየው ባርኔጣ ያደረገ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ስሙም ከፎቶው ሥር ተጽፏል። እኔ ግን ይህን ሰው የማውቀው ስም ሳይኖረው ነው።

ልጅ ሳለሁ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ከቤታችን ጋር ግድግዳ የሚጋራ የካሴት ቤት ነበር። ባለቤቱ አያ ሰይድ ካሴት ይቀዳሉ፣ የተበጠሰ ይቀጥላሉ፣ የቴፕ ጭንቅላት በአልኮል በተነከረ ጥጥ ይጠርጋሉ፤ ቤቱ ሁልጊዜ የአልኮልና የጋለ ፕላስቲክ ሽታ ነበረው። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደንበኞች ያመጡትን ካሴት በእስክሪብቶ እያሽከረከርኩ ወደ መጀመሪያው እመልሳለሁ፤ ማንንም ማናገር ስለማይጠይቅ ለእኔ የተፈጠረ ሥራ ነበር። አያ ሰይድ በወጣትነታቸው ኮምቦልቻ በፋብሪካ ሠራተኞች የኪነት ቡድን ውስጥ ጊታር ይጫወቱ ነበር። በዚያን ጊዜ ማሽን ሊተክል የመጣ አንድ ፈረንጅ የጥንት ብሉዝ ተጫዋቾች የተቀዱበት ካሴት ትቶላቸው ሄደ፤ የሰዎቹንም ስም ነግሯቸው ነበር፣ ግን ስሙ አፋቸው ላይ አልያዝላቸው አለና በገዛ አገራቸው ከተሞች ስም አወጡላቸው።

ድምፁ የሻከረውን “የሐርቡው” አሉት፤ ሙቀትና አቧራ የበላው ጉሮሮ ነው ብለው። የጠርሙስ አንገት ጣቱ ላይ አጥልቆ ክሩን እያንሸራተተ የሚያስለቅሰውን ደግሞ “የቢስቲማው” አሉት፤ ቢስቲማ የተዳረችው እህታቸው ስታወራ ልክ እንደዚያ ድምጿን ትስባለች። ለሚጠይቃቸው ሁሉ እነዚህ ሰዎች የሚጫወቱት ትዝታ እንደሆነ፣ ባሕር ተሻግሮ ትንሽ እንደ ተንጋደደ ብቻ፣ ኮስተር ብለው ያስረዳሉ። እኔም አመንኩ። ከእናቴ ጋር ወደ ከሚሴ ስንሄድ አውቶቡሱ ሐርቡ ላይ ሲቆም በመስኮት አንገቴን አውጥቼ ከሙዝ ሻጮቹ መሀል ጊታር የያዘ ሽማግሌ እፈልግ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ እውነቱን ሳውቅ ያፈርኩት ለብቻዬ ነው፤ ደግነቱ ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

በካሴቱ ሁለተኛ ገጽ መጨረሻ ላይ ግን ሦስተኛ ሰው ነበር። አይዘፍንም፤ ጊታሩን ብቻ፣ ቀስ ብሎ፣ ከሩቅ የፋብሪካ ማሽን እያጉረመረመ ይጫወታል፣ አንድ ቦታ ላይም ያስላል። እኔ ከሁሉም የምወደው እሱን ነበር። ማን እንደሆነ ስጠይቅ አያ ሰይድ “የኮምቦልቻው ነው፤ ገና ተማሪ ነው” ይሉና ቴፑን ቶሎ ይዘጉታል። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ከጓዳ ሆነው ይስቃሉ።

“ይሄ ተማሪ ሳይመረቅ ሊሸብት ነው” ይላሉ።

ማን እንደሆነ ያወቅሁት በእሳቸው ሳቅ ነው፤ ራሳቸው አያ ሰይድ ነበሩ። እንዳወቅሁ ግን ተናግሬ አላውቅም።

እንግዲህ ያን ቅዳሜ ወደ ቤት ሳልገባ በቀጥታ ወደ አያ ሰይድ ሄድኩ። ካሴቱን ተቀብዬ የራሳቸውን ጨዋታ ስልኬ ላይ ለመቅዳት ነበር ሐሳቤ፤ ሌላ ቦታ እንደሌለ አውቃለሁ። ካሴት ቤቱ አሁን ልጃቸው የስልክ ሽፋንና ቻርጀር የምትሸጥበት ሆኗል፣ ያ ሽታም የለም። አያ ሰይድ በሩ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። የመጣሁበትን እየተንተባተብኩ ስነግራቸው ካሴቱ እንዳለ፣ ጨዋታው ግን እንደሌለ ነገሩኝ።

ነገሩ የሆነው ከዓመታት በፊት፣ በአንድ የመውሊድ ዕለት ነው። የእትዬ ዘይነባ ወንድም ከገጠር መጥተው ሳሎን ውስጥ መንዙማ ሲጀምሩ፣ ድምፃቸው ተቀድቶ እንዲቀመጥ እትዬ ዘይነባ ለመኑ፤ ባዶ ካሴት አልነበረም፣ ሱቁም ሁሉ ዝግ ነው። አያ ሰይድ ማንም እንዳይቀዳበት ጥርሱን የሰበሩትን ያንን ካሴት አውርደው፣ ቀዳዳው ላይ ወረቀት ጠቅጥቀው፣ የሐርቡውንና የቢስቲማውን ሳይነኩ የራሳቸው ጨዋታ ላይ መንዙማውን ቀዱበት። ወንድምየው በዓመቱ ሞቱ። ድምፃቸው ዛሬም አለ፤ እትዬ ዘይነባ በየመውሊዱ ይሰሙታል። ታዲያ በማን ይታዘናል?

“እነዚያ የሰው አገር ሰዎች ናቸው፤ ካጠፋኋቸው ከየት አመጣቸዋለሁ?” አሉኝ። “እኔ እንደሁ እዚሁ ነኝ፤ ነገ ደግሜ እጫወተዋለሁ አልኩ።”

ጣቶቻቸውን አየኋቸው። መታጠፍ ከተዉ ቆይተዋል፤ ጊታሩም አንገቱ ተጣሞ አልጋ ሥር ገብቷል። የሐርቡው ሰውዬ በየረዳቱ ስልክ ውስጥ አለ፤ እዚሁ የነበሩት እሳቸው ግን የትም የሉም። ይህን አልነገርኳቸውም። ያወቁት ይመስለኛል፤ “አብሽሪ” ብለው ትከሻዬን መታ አደረጉኝ፣ የማጽናናው እኔ መሆን ሲገባኝ።

ማታ ቤት ሆኜ ሳህን ሳጥብ እናቴ ከኋላዬ “ይሄ የሰይድ አይደለም እንዴ?” አለች። ሳላውቀው እያዜምኩ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ሱቁ ሳይከፈት ሄድኩ። ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ መልስ መስጠት ይከብደኝ የነበርኩት እኔ፣ ስልኬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ዓይኔን ወደ መሬት ተክዬ የኮምቦልቻውን ጨዋታ በአፌ ማዜም ጀመርኩ። አያ ሰይድ መጀመሪያ ፊታቸውን አዞሩ። ቆይተው በማይታጠፈው ጣታቸው ጉልበታቸውን መታ መታ ማድረግ ጀመሩ፤ አንድ ቦታ ላይም “እዚያ ጋ ዝቅ በይ” አሉኝ። ዝቅ አልኩ። እትዬ ዘይነባ በሩ ላይ ቆመው “ተማሪው አስተማሪ ወጣው እንዴ?” አሉ፤ ድምፃቸው ግን የሳቅ አልነበረም።

መሀሉ ላይ ስደርስ ጠፋኝ። ቀጣዩን እንዲሉልኝ ቀና ብዬ አያ ሰይድን ጠበቅኋቸው፤ እሳቸውም እኔን እየጠበቁ ነበር። የቀረውን ሁለታችንም አላገኘነውም።

መቅጃውን አጠፋሁት። ስልኩ ለቅጂው ስም ጠየቀኝ፤ “አያ ሰይድ” ብዬ ጻፍኩ።